የአራስ ወዝ

ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ቁርጭምጭሚት ነው። ከዚያ ወደ አንገት እወጣለሁ፣ ፊት የሚደርሰኝ መጨረሻ ላይ ነው። የማያውቁኝ ሰዎች ዓይነ አፋር ነች ይላሉ፤ የሚያውቁኝ ይስቃሉ፣ ምክንያቱም ዓይነ አፋርነት ከእኔ ጋር ተዋውቆ አያውቅም። ይህን አመል ያስያዘኝ በጃንሆይ ዘመን ሆሳዕና የተማርኩት የነርስነት ትምህርት ነው። ያጸናብኝ ደግሞ የእህቴ እግር ነው።

ያን ጊዜ ሆሳዕና ካለው ክሊኒክ ውስጥ ለረዳት ነርስነት የምንሰለጥን ጥቂት ልጆች ነበርን። አስተማሪያችን ከአዲስ አበባ የመጣች፣ በዕድሜ ከእኛ ብዙም የማትርቅ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሲስተር ነበረች። የልብን ትምህርት የጀመረችልን በሥዕል አይደለም፤ እኔን ሥጋ ቤት ልካ የበሬ ልብ አስገዛችኝ። ባለ ሥጋ ቤቱ ለወጥ መስሎት ሊከትፍልኝ ቢላውን ሲያነሳ እጁን ያዝኩት። "እንዳለ ነው የምፈልገው" ስለው ቢላውን አስቀምጦ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ወጥ ሳትችይ ነው ባል ያገባሽው?" አለኝ።

"ባልም የለኝ፣ ወጥም አልሠራ" ብዬው ልቡን በእንሰት ቅጠል አስጠቅልዬ ሄድኩ።

ሲስተር ትሪ ላይ አድርጋ ከፈተችው። ሁለት ክፍል ከላይ፣ ሁለት ከታች። ቀኙ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልካል፤ ግራው ከሳንባ የመጣውን ተቀብሎ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ይገፋዋል። የግራውን ግድግዳ በጣታችን እንድንይዘው አደረገችን። ከቀኙ ይልቅ ወፍራም ነው፣ ሥራው ስለሚበዛ። በክፍሎቹ መካከል ያሉትን በሮችም አሳየችን፤ ስስ ናቸው፣ ነገር ግን ደም አንዴ ካለፈ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ።

"የምትሰሙት ድምፅ የእነዚህ በሮች መዘጋት ነው" አለች። "ልብ ሲደክም ግን የመጣለትን ሁሉ መግፋት ያቅተዋል። ያልተገፋው ወደ ኋላ ይጠራቀማል። ሳንባ ላይ ሲጠራቀም ሰው ተጋድሞ መተንፈስ ያቅተዋል። ሰውነት ላይ ሲጠራቀም እግር ያብጣል፣ የአንገት ደም ሥር ይገተራል።"

መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ መዳሰስ፣ ማዳመጥ መጨረሻ ላይ። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው ከሲስተር ጋር ኑሮ የለውም። "ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ የምትገባ ነርስ፣ ዓይኗን በር ላይ ጥላ ነው የመጣችው" ትለን ነበር። ማዳመጫው ለሁላችንም አንድ ብቻ ነበርና ከትምህርት ሰዓት ውጭ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። አንድ ቀን ልቡ የደከመ ሰውዬ ተኝቶ ሳለ ተራ በተራ እንድናዳምጠው አደረገች። ሌሎቹ ሁሉ ሰማን አሉ። እኔ ያልሰማሁትን ሰማሁ አልልም፤ "ጥድፊያ እንጂ ሌላ አይሰማኝም" አልኩ። ሲስተር በጣቷ ጠረጴዛውን መታች። ጤነኛ ልብ እንዲህ ነው ብላ ሁለት ምት፣ ዕረፍት፣ ሁለት ምት፣ ዕረፍት አሰማችን። ከዚያ ሦስት ሦስት እያደረገች፣ ትንፋሽ ሳትሰጥ መታች።

"የፈረስ ግልቢያ ነው" አለች።

እኔ የሀዲያ ልጅ ነኝ። ግልቢያ ምን እንደሆነ ከአዲስ አበባ መጥቶ የሚያስተምረኝ ሰው የለም። ማዳመጫውን መልሼ ስሰካው ፈረሱ ከነኮቴው ሰውየው ደረት ውስጥ ነበር።

የመስቀል ዕረፍት ሲደርስ፣ ከጊምቢቹ ባሻገር ያገባች ታላቅ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። ክረምቱ መጨረሻ ላይ ወንድ ልጅ ወልዳ ገና አራስ ነበረች። በእኛ አገር አራስ ማለት ንግሥት ማለት ነው። ከጓዳ አትወጣም፣ ሥራ አትነካም። ቡላው በቅቤ፣ ሾርባው በቅቤ፣ ፀጉሯም በቅቤ ነው። ከአራስ ቤት የምትወጣ ሴት ጉንጯ ካልሞላ፣ ክንዷ ካልወፈረ፣ የሚታማው የባሏ ቤት ነው፤ ከሁሉም በላይ የባሏ እናት። የወፈረች እንደሆነ ደግሞ የባሏ እናት ገበያ የሚወጡት አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው። የአራስ ወዝ ይሉታል።

የእህቴ አማት ደጃፍ ላይ ተቀበሉኝ። ደግ ሴት ናቸው፣ ደግነታቸውም እንዲታይላቸው ይወዳሉ። ጉንጬን እያገላበጡ ከሳሙኝ በኋላ፣ "ግቢና እያት፤ እህትሽን አታውቂያትም" አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር፣ አላወቅኋትም። እህቴ በተፈጥሮዋ ቀጭን ናት። ያን ቀን ግን ፊቷ ክብ ሆኗል፣ የዓይኗ ቆብ ከብዷል፣ እግሯ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት አንድ ወጥ ነው። ሊጠይቁ የመጡ የጎረቤት ሴቶች ዙሪያዋን ተቀምጠዋል። "ይህ ቤት ይባረክ" ትላለች አንዷ። "እንዲህ ያማረ የአራስ እግር አይቼ አላውቅም" ትላለች ሌላዋ። አማቷ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ጎንበስ ብለው እሳት ይቆሰቁሳሉ።

እኔ የማየው ሌላ ነበር። እህቴ አልተጋደመችም፤ ከጀርባዋ ቡልኮ ተጠቅልሎላት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ስታወራ ንግግሯን ለሁለት ትቆርጠዋለች። "እንኳን" ትልና፣ ተንፍሳ፣ "መጣሽ" ትላለች። የአንገቷ ደም ሥር ተገትሮ እስከ መንጋጋዋ ይርገበገባል። እጇን የምጨብጥ መስዬ ትርታዋን ፈለግሁ፤ ቀጭንና ጥድፊያ የበዛበት ነው። ልብሱን ገለጥ አድርጌ አውራ ጣቴን አገዳዋ ላይ አሳረፍኩ፣ ተጭኜ ቆየሁ፣ አነሳሁ። ጣቴ የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ።

ምላሴ አርፎ አያውቅም፣ ያን ቀንም አላረፈም። "ይህ ውፍረት አይደለም" አልኩ፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ። "ውሃ ነው። ልቧ ደክሟል።"

አማቷ ከእሳቱ ቀና አሉ። "ውሃ?" አሉ። "የኔን ቅቤ ነው ውሃ ያልሽው?"

"ቅቤውን አላልኩም እማማ፣ እግሯን ነው እንጂ..."

"እኔ ራሴ የናጥኩት፣ ለገዛ ባሌ የነፈግሁት ቅቤ ነው እዚህ ሰውነት ላይ ያለው። ሆሳዕና ቆይተሽ መጣሽና ውሃ አልሽው። ያውም ጎረቤት ፊት።"

ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተነሱ። አማቷም ሊሸኟቸው ወጡ፣ የወጡት ግን እንባቸውን ሊጠርጉ ነው። አሁንም ድረስ ያንን ምነው ባላልኩ አልልም። ሆኖም አንድ ነገር ገብቶኛል፤ በዚያ ቤት ታማለች ማለት አላበላችኋትም ማለት ነበር።

እህቴ ክንዴን ይዛ ሳበችኝ። "ተይ" አለች። "እዚህ ቤት የምኖረው እኔ ነኝ።"

"ስትጋደሚ ምን ይሰማሻል?"

"ያንቀኛል።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ከወለድኩ ወዲህ ተጋድሜ አልተኛሁም። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? እንዲህ ደክመውልኝ።"

ጆሮዬን ከግራ ጡቷ ሥር ለጠፍኩ። ፈረሱ እዚያ ነበር፣ ሦስት ሦስት እያለ፣ ዕረፍት የለሽ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ትሪ ላይ ያየሁት ያ ወፍራም ግድግዳ እህቴ ውስጥ ሲዝል ታየኝ። እህቴ ልትሞት ነው፣ የምትሞተውም በሙገሳ መካከል ነው።

ባሏ እርሻ ላይ ነበር፣ ሮጬ ሄጄ ነገርኩት። የዋህ ሰው ነው፣ ሰማኝ። "እናቴን ማስከፋት አልችልም" አለኝ፣ "አባቴ ውሰዷት ካለ ግን አሁኑኑ እንሄዳለን።"

አባቱ በወጣትነታቸው በፈረስ ጉግስ ስማቸው የተጠራ ሽማግሌ ናቸው። ያን ሰዓት ደጅ ላይ ፈረሳቸውን ያሻሉ። ችግሩ፣ በእኛ ወግ የባል አባትና የልጅ ሚስት ይከባበራሉ። እሷ ስማቸውን አትጠራም፣ እሳቸው አራስ ቤት አይገቡም፣ እጅ ለእጅ እንኳን ተነካክተው አያውቁም። እግሯን ጨብጠው ይዩ ልላቸው አልችልም። ስለዚህ በሚያውቁት በር ገባሁ።

"አባባ" አልኳቸው፣ "ቆሞ ሳለ የሚጋልብ ፈረስ ቢኖርዎ ምን ያደርጋሉ?"

"ቆሞ የሚጋልብ ፈረስ የለም።"

"እህቴ ደረት ውስጥ አለ። ላሰማዎት።"

ማበጠሪያውን ከፈረሱ ጀርባ አነሱ። "አንቺ ልጅ፣ እኔ የልጄ ሚስት ጓዳ አልገባም" አሉ።

"አይገቡም። ሳሎን ሆነው ነው የሚሰሙት።"

ሲስተር በድሮ ጊዜ ሐኪሞች በእንጨት ቱቦ ያዳምጡ እንደነበር ነግራን ነበር። አጥሩ ጥግ ለጣራ የተከመረ ቀርከሃ አለ። ክንድ የሚበልጥ ቀጥ ያለውን መርጬ አንጓዎቹን ከሁለቱ ጫፎች ቆርጬ ጣልኩ፣ ውስጡን በእንጨት ጠርጌ ነፋሁበት፣ ትንፋሼ አለፈ። ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለየው ግድግዳ በቀርከሃ የተጠለፈ ነው፤ በክፍተቱ ውስጥ ቱቦው ልክክ ብሎ ገባ።

ሽማግሌው ግን ብልህ ናቸው፣ መጀመሪያ ሚስታቸውን ጠሩ። "ነይ፣ ያንቺን ልስማ፤ የጤነኛውን ሳላውቅ የበሽተኛውን አልፈርድም" አሉ። አማቷ ከእኔ ጋር ገና አልታረቁም፣ ቢሆንም ባላቸውን እምቢ አይሉም። ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቆሙ፤ ቱቦውን እኔ ከግድግዳው መዝዤ ልብሳቸው ላይ ደገፍኩ። ሽማግሌው ጆሯቸውን ሰጡ።

"አለች" አሉ ሳቅ እያሉ። "ሁለት ትረግጥና ታርፋለች። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬሽ ኖሬ ልብ እንዳለሽ ዛሬ አረጋገጥኩ።"

አማቷ ሳይወዱ ሳቁ።

ቱቦውን በግድግዳው አሳልፌ ወደ ጓዳ ገባሁ፣ የእህቴን ደረት አስጠጋሁና "አባባ፣ አሁን" አልኩ። በሌላ ክፍተት ሳይ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጉልበታቸውን መምታት ጀምረዋል። ሦስት ሦስት። እኔ አልነገርኳቸውም፤ ከዚህ በፊት የነገራቸውም የለም። ልቤ እንደዚያ ቀን ዘልሎ አያውቅም።

"ይህ ሶምሶማ እንኳን አይደለም" አሉ ሲነሱ። "ሽምጥ ግልቢያ ነው። ልጅቷ ተቀምጣ ነው እንዴ?"

"ተቀምጣ ነው አባባ።"

"ፈረስ እንዲህ ሲሮጥ ውሎ ሲሮጥ ካደረ ይወድቃል።" ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "አንቺ ያጎደልሽው የለም። እስካሁን ያቆያት ቅቤሽ ነው። የደከመው ልቧ ነው፣ ልብ ደግሞ በማብላት አይታዘዝም። ትሂድ።"

የተማርኩት ትምህርት ቅቤው አቆያት አይልም። ላርማቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት። በዕድሜዬ በዝምታ ያሸነፍኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አማቷ ጓዳ ገቡ። ተንበርክከው የገዛ አገዳቸውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑ፣ ለቀቁት፣ ሞላ። የእህቴን ተጫኑ፣ ለቀቁት። ጎድጉዶ ቀረ። ጣታቸውን አዩ፣ ጉድጓዱን አዩ።

"ስትጋደሚ ያፍንሻል?" አሏት።

"ያፍነኛል እማማ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

እህቴ አለቀሰች፣ እሳቸውም አለቀሱ፣ ሕፃኑም ተጨመረበት። የማላለቅሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ የሚሸከሙ ወንዶች ልጠራ ወጣሁ።

የሰፈሩ ወንዶች ቃሬዛ ይዘው መጡ። አስተኟት ሲሉ ጮህኩባቸው። "ከተጋደመች መንገድ ላይ ታልቃለች፤ ተቀምጣ ነው የምትሄደው" አልኩ። ተቀምጦ ቃሬዛ ላይ የሄደ ሰው አይተው አያውቁም፣ እርስ በርስ ተያዩ። በዚህ መሃል አማቷ በዚያ ቤት ያለውን ብቸኛ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ከሽማግሌው በቀር ማንም የማይቀመጥበትን፣ እየጎተቱ ከሳሎን ወጡ። "በዚህ እሰሩ" አሉ። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተፈናቅለው ቆመው ቀሩ። ወንዶቹ ወንበሩን ሁለት አጣና ላይ ጥፍር አድርገው አስረው እህቴን በትከሻቸው አነሱ።

መንገደኛ ቃሬዛ ሲያይ ያዝናል፣ ይቆማል፣ ነፍስ ይማር የሚል ፊት ያሳያል። ወንበር ሲያይ ግን ምን እንደሚል ጠፋው። ከጊምቢቹ ገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት ሙሽራ መስላት እልል አለች። ወንዶቹ ደነገጡ። ሕፃኑን ታቅፈው ከኋላ የሚከተሉት አማቷ ግን፣ "በይ ድገሚው፣ ይስማማታል" አሏት። ደገመችው።

ጊምቢቹ ላይ አንድ የጉራጌ ነጋዴ እህል የጫነ መኪናውን ለቀቀልን። እህቴ ጋቢና ተቀመጠች፣ እኛ ጆንያ ላይ ወጣን። ክሊኒኩ ስንደርስ ሲስተር እንዳስተማረችን መጀመሪያ አየቻት፣ ቀጥላ ዳሰሰቻት፣ ከዚያ አዳመጠች። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውርዳ ወደ እኔ ዞረች።

"ምን ሰምተሽ ነው ያመጣሻት?"

"ግልቢያ።"

"በምን ሰማሽው?"

ቀርከሃውን ከነጠላዬ ውስጥ አውጥቼ ሰጠኋት። በአንደኛው ጫፍ አጮልቃ አየችኝ። ሲስተር ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ቱቦው ከዚያ ወዲያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ከእኔ በኋላ የመጡ ተማሪዎች ሁሉ ታሪኩን ሳይሰሙ አልተመረቁም።

የክሊኒኩ ሐኪም ውሃውን የሚያስወጣ መርፌና ልብን የሚያበረታ ኪኒን አዘዘላት፣ ጨው ከለከላት። ውሃው በሽንት ወጣ። እግሯ ቅርፁን እያገኘ ሄደ፣ ቁርጭምጭሚቷ ከተደበቀበት ተመለሰ። አንድ ጠዋት ስገባ እህቴ በጎኗ ተጋድማ፣ ሕፃኑን አጠገቧ አድርጋ፣ አፏን ከፍታ ተኝታ አገኘኋት። አልቀሰቀስኳትም፤ ቆሜ አየኋት፣ ጠገብኳት።

አማቷ ከሆሳዕና ንቅንቅ አላሉም። የእህቴ ጉንጭ ሲጎድል አንጀታቸው ይቃጠላል። አንድ ቀን ጨው የገባበት አይብ ቀሚሳቸው ውስጥ ደብቀው ሲያስገቡ በር ላይ ያዝኳቸው።

"ላም እንኳን ጨው ትልሳለች!" አሉኝ።

"ላሚቱ ልቧ አልደከመም እማማ።"

ተነጫነጩ፣ አይቡን ግን አስረከቡ። በየጠዋቱም ማንም ሳያዛቸው የእህቴን አገዳ በአውራ ጣታቸው ይጫኑ ነበር። ጉድጓዱ ያልቀረ ዕለት ኮሪደር ላይ ቆመው በሀድይኛ የጮሁት ጩኸት ወረፋ የያዘውን በሽተኛ ሁሉ አስነሳ። "ሞላ!" ነው ያሉት፣ "እግሯ ሞላ!"

በጋው ሲገባ እህቴ ለምርመራ መጣች። ከገበያው ወደ ክሊኒኩ ያለውን ዳገት በእግሯ፣ ልጇን አዝላ፣ ለእኔ ወሬ እያወራች ወጣችው። ዓረፍተ ነገሮቿን አንድም አልቆረጠችም። ሲስተር ማዳመጫውን ከቁም ሳጥኑ አወጣችና ለእኔ ሰጠችኝ። "አንቺ ጀምሪ" አለች። ሁለት ምት፣ ዕረፍት። ሁለት ምት፣ ዕረፍት። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የተደሰትኩበትን ድምፅ አላስታውስም። ሳቄ አምልጦኝ መድኃኒት ክፍል ድረስ ተሰማ፣ ሲስተርም ለወጉ ያህል እንኳን አልተቆጣችኝም። ሐኪሙ ሌላ ልጅ እንዳትወልድ መከራት። ልጅ ጨምሪ የሚሏትን ሁሉ "አንዱ ይበቃናል፣ እሷ ትበልጥብናለች" ብለው አፋቸውን ያስዘጉት አማቷ ናቸው።

ከዓመታት በኋላ እኔም አገባሁ፣ ወጥም ቻልኩ፣ ሆሳዕና ውስጥ ወለድኩ። የባሌ እናት በቅቤ ያጠግቡኛል፣ የጎረቤት ሴቶች ዙሪያዬን ተቀምጠው ጉንጬን ያደንቃሉ። በዚህ መሃል በሩ ተከፍቶ የእህቴ አማት ገቡ፤ አርጅተዋል፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ በጀርባቸው አዝለዋል። ለማንም ሰላምታ አልሰጡም። ቅቤውን አስቀምጠው ቁርጭምጭሚቴን አዩ፣ አንገቴን አዩ፣ ተንበርክከው አውራ ጣታቸውን አገዳዬ ላይ አሳረፉ። ተጭነው ቆዩ። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋረጡ፣ የባሌ እናት ፊታቸው ተለዋወጠ። እሳቸው ጣታቸውን አንስተው ጠበቁ።

"ይህ ውፍረት ነው" አሉ፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ። ከዚያ ጉንጬን ሳሙኝና ቅቤውን ይፈቱ ጀመር።